የፍርድ ቤቱ በር ነፃ ነው፣ ቃሉ ግን ዋጋ አለው

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ሸጎሌ አንዲት ጎረቤቴ ወረቀት ጠቅልላ መጣች። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ" አለችኝ። አነበብኩት። የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ሰባት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ከኖረችበት ቤት "ከነገ ጀምሮ አትምጪ" ተብላ በቃል ተሰናበተች። እሷም እንደ ባህላችን መጀመሪያ ሽማግሌ ላከች። ከዚያ ወረዳ ሄደች። ከዚያ በዓል መጣ። አራተኛው ወር ካለፈ በኋላ ፍርድ ቤት ደጃፍ ለተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ከፍላ "ወደ ሥራዬ ልመለስ" የሚል ክስ አስጻፈች። አሠሪው ጠበቃ ይዞ ቀረበና አንዲት መቃወሚያ አነሳ፦ ይርጋ። መዝገቡ ተዘጋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት "ወደ ሥራዬ ልመለስ" የሚል ጥያቄ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የሥራ ውሉ በመቋረጡ ምክንያት የሚጠየቅ ክፍያ ግን ስድስት ወር አለው። ክሱ ላይ ስለ ክፍያው አንዲት መስመር ተጨምራ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሕይወት ይቆይ ነበር። ወረቀቱ እኔ እጅ ሲገባ ስድስቱም ወር አልፏል።

"ጋሼ፣ ታዲያ ጥፋቴ ምንድነው?" አለችኝ። መልስ አጣሁ። ያን ሌሊት እንቅልፍም አልወሰደኝ። የታሪክ አስተማሪ ነኝና ወደ ኋላ ሄድኩ። እኛ አገር ደሃ ሰው ፍርድ ሲፈልግ የሚያጣው ምንድነው? በሩን ነው ወይስ ሌላ ነገር?

የድሮውን ሙግት እናስታውስ። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ከተጣላ "በሕግ አምላክ!" ብሎ አላፊ አግዳሚውን ማቆምና ማስዳኘት ይቻል ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ተቋጥሮ፣ ተቆራኝተው ዳኛ ፊት ይሄዱ ነበር። በዳኝነት በኩል ከታች እስከ ንጉሡ ችሎት ድረስ "አቤት!" ማለት ለሁሉም የተፈቀደ ነበር። በሩ ክፍት ነው እንግዲህ።

ነገር ግን በላ ልበልሃ የሚባለውን ሙግት ለመግጠም ሦስት ነገር ያስፈልግ ነበር። አንደኛ ዋስ። ዋስ የሌለው ሰው ነገሩ ከመጀመሩ በፊት ተሸነፈ ማለት ነው። ሁለተኛ ውርርድ። ተሟጋቾች ማር፣ ፈረስ፣ በቅሎ እያሉ ይወራረዱ ነበር፤ በቅሎ የሌለው ምን ይወራረዳል? ሦስተኛ አንደበት። አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ችሎቱን ሲያስጨበጭብ፣ እውነት ይዞ ግን ምላሱ የተሳሰረበት ሰው ላብ ያጠምቀዋል። ለዚህ ነው ነገረ ፈጅና ጠበቃ የተፈለገው። ጠበቃ የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ከ"ጠበቀ" የመጣ ነው። ጠባቂ ማለት ነው። ጠባቂ የሚያቆመው ግን ያው ያለው ሰው ነበር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡን የፍርድ ሚኒስትር አደረጉ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ በ1934 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ። በፈረንጆቹ 1947 የአጥቢያ ዳኞች ተቋቋሙ፤ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክር እዚያው በሰፈሩ እንዲያዩ ነበር የታሰበው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ፍርድን ወደ ደሃው ደጃፍ ማምጣት።

ከዚያ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መጣ። ከቁጥር 467 ጀምሮ "በደሃ ደንብ" ስለሚቀርብ ክስ ይናገራል። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድህነቱን አስረድቶ ሳይከፍል እንዲከስ ይፈቅዳል። ይህ ሥርዓት ከህንድ ሕግ የተወሰደ ነው፤ ህንዶቹ ደግሞ ከእንግሊዝ ነው ያገኙት። እስከ ዛሬም ይሠራል። ስንቱ ሰው በእሱ ተጠቅሟል! ግን ልብ በሉ፦ የሚቀረው የዳኝነቱ ክፍያ ነው። ክሱን ማን ይጻፈው? ማን ይከራከር? ለዚህ መልስ የለውም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ቀበሌ መጣ፤ ከቀበሌውም ጋር የፍርድ ሸንጎ። በኋላም በአዲስ አበባ የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤቶች ነበሩ፤ በ1995ቱ የከተማዋ ቻርተር እስከ 5,000 ብር የሚደርስ የንብረትና የገንዘብ ክርክር ያዩ ነበር። እዚያ ሰው ጠበቃ ሳይዝ፣ በአፉ፣ በሰፈሩ ቋንቋ ይናገር ነበር። ጉድለታቸው ብዙ ነው፤ ዳኞቹ ሕግ ያልተማሩ ነበሩ። ቢሆንም ደሃው ቃሉን በገንዘብ ሳይገዛ የሚሰማበት ቦታ ነበር።

በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የማቅረብ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 20 ደግሞ በወንጀል የተከሰሰ ሰው አቅም ከሌለውና ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። በወንጀል ነው ያልኩት! ከሥራዋ የተባረረች፣ ውርስ የተነጠቀች፣ ቀለብ የተከለከለች ሴት ግን ወንጀለኛ አይደለችምና እዚህ ውስጥ አትገባም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የሞከሩ አልጠፉም። በፈረንጆቹ 1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለብዙ ሺህ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሰጥቷል። ከመሥራቾቹ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ (621/2001) ግን ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ማኅበሩ ሠራተኛ ቀነሰ፣ አገልግሎቱም ጠበበ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. ተሽሮ በሌላ ቢተካም በመሃል ያለፉት አሥር ዓመታት አይመለሱም። ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላትም አሉ፤ ተባረኩ እንላለን።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አየርላንድ ውስጥ ጆሃና ኤሪ የምትባል ሴት ከባሏ በፍርድ ቤት ለመለያየት ፈልጋ ለጠበቃ የምትከፍለው አጣች። መንግሥት "በሩ ክፍት ነው፣ ራስሽ ሄደሽ ተከራከሪ" አላት። በ1979 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ለእሷ ፈረደላት። የውሳኔው ፍሬ ነገር አጭር ነው፦ መብት በወረቀት ላይ ብቻ ከሆነ መብት አይደለም፤ ሰው በተግባር ሊጠቀምበት መቻል አለበት። በወንጀል ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ጉዳይ!

እንግዲህ የእኔ መደምደሚያ ይህ ነው። በታሪካችን ለደሃው በሩን የከፈተ ብዙ ነው። ዋሱን አስቀሩለት፣ ውርርዱን አስቀሩለት፣ የዳኝነቱንም ገንዘብ ማሩት። ሦስተኛው፣ አንደበቱ፣ ግን እስከ ዛሬ የሚገዛ ነገር ሆኖ ቀረ። ጎረቤቴን የረታት የአሠሪው ሀብት አይደለም። አንዲት ያልተጻፈች መስመር ነች።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምን። ጠበቃ የሆናችሁ ተማሪዎቼ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ! የ1992ቱ የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሉ ብሎ ነበር። 50 ሰዓት ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት አይሞላም። ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ለሰፈራችሁ ስጡ። በወር አንድ ቅዳሜ ዕድር ድንኳን ሥር ተቀምጣችሁ ወረቀት ብታነቡ እንኳ ይበቃል። ሸጎሌ ለመምጣት ፈቃደኛ የሆነ ካለ ወንበሩንና ቡናውን እኔ እችላለሁ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ከሥራ የተሰናበተ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ የተሰናበተበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፉለት። ሽማግሌም ይላክ፣ በዓልም ይከበር፤ ቀኑ ግን ይቆጠራል። ሦስት ወር አትበሉት፣ ዘጠና ቀን በሉት። ያኔ ያጥራል።

ጎረቤቴ ዛሬም ጠዋት በሬን አልፋ ስትሄድ "እንደምን አደሩ ጋሼ" አለችኝ። ለጥያቄዋ ግን እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም።

ሰላም ዋሉ።