የቤት ውስጥ እሳት ምድጃን ወደ ጋዝ መቀየር፦ በናይሮቢ ከጌጡ በፊት ምን መታወቅ አለበት?

ኬንያን የምድር ወገብ ቢያቋርጣትም ዋና ከተማዋ ናይሮቢ ግን ትቀዘቅዛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,795 ሜትር ገደማ ላይ ያረፈችው ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ በደመና ተሸፍና ትሰነብታለች። በካረንና በሙታይጋ በሚገኙ የቆዩ ቤቶች ሳሎን ውስጥ የእሳት ምድጃ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጭስና ከአመድ ለመገላገል የሚሹ ባለቤቶች በምድጃው አፍ የጋዝ ማሞቂያ ያስገጥማሉ። በዚያው አጋጣሚም የምድጃው ዙሪያ ፈርሶ በአዲስ መልክ ይለበጣል። ችግሩ የሚጀምረው ግንበኛው ጌጡን ጨርሶ ማሞቂያው ኋላ ሲመጣ ነው። የሚቃጠል ነገር ከማሞቂያው ምን ያህል መራቅ እንዳለበት የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ሲሆን፣ ልኩም ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስለዚህ በቅድሚያ ማሞቂያው መመረጥ አለበት።

ከናይሮቢ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከንዳሩጎ አካባቢ የሚወጣው ግራጫ የግንባታ ድንጋይ አይቃጠልም። ሴራሚክና ጡብም እንዲሁ። አሳሳቢው ከበስተጀርባቸው የሚደበቀው ነው። ድንጋዩ በእንጨት ርብራብ ወይም በኮምፔንሳቶ ላይ ከተለጠፈ ሙቀቱ ድንጋዩን አልፎ እንጨቱን ይደርስበታል። ለዓመታት ደጋግሞ የጋለ እንጨት ነበልባል ሳይነካው ቀስ በቀስ ይከስላል፤ ከዚያ በኋላ በአነስተኛ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ከምድጃው በላይ የሚሠራ የእንጨት መደርደሪያም ሆነ ዛሬ ፋሽን የሆነው ቴሌቪዥን ከዚህ ስሌት ውጭ አይደለም። ለውበት ሲባል የማሞቂያውን የአየር ማስገቢያ መድፈን ወይም የጋዝ መዝጊያውን እጅ በማይደርስበት ቦታ መቅበርም አይገባም።

ናይሮቢ የራሷ ሁኔታም አላት። በከተማዋ ቤቶች የሚያገለግለው በሲሊንደር የሚሸጠው ቡታጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ከቤት ውጭ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ እንዲቀመጥ የሚመከረውም ለዚህ ነው። በሌላ አገር ለቧንቧ የተፈጥሮ ጋዝ የተሠራ ማሞቂያ፣ ለቡታጋዝ የሚሆን መለዋወጫ ሳይገጠምለት መለኮስ የለበትም። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ በመሆኑም ማቃጠያው በባለሙያ መስተካከል ይኖርበታል። ይህ ከናይሮቢም በላይ ከፍ ብላ ለምትገኘው አዲስ አበባ ይበልጥ ይሠራል።

ጥር 23/2016 ዓ.ም. ሌሊት በናይሮቢ ኤምባካሲ የደረሰው የጋዝ ፍንዳታ የሰው ሕይወት ቀጥፎ ከ200 በላይ ሰዎችን ካቆሰለ ወዲህ፣ ስለ ጋዝ ሲነሳ ብዙዎች የሚፈሩት ፍንዳታን ነው። በሳሎን ውስጥ ግን ጸጥተኛው አደጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ በተዘጋ ክፍል ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ያው ጋዝ። ቡታጋዝ እንዲታወቅ ሽታ ይጨመርበታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም።

ለማገዶ የተሠራው ሰፊ ጭስ ማውጫ የጋዝ ማሞቂያን ጭስ በሚገባ ላይስብ ይችላል። ጭሱ በቀዝቃዛው ግንብ መሃል ይበርዳል፤ ኃይሉም ይደክማል። ስለዚህ የቀድሞው ጥቀርሻና የወፍ ጎጆ ተጠርጎ፣ አምራቹ ያዘዘው የብረት ቱቦ እስከ ጣሪያው ይዘረጋል። የጋዝ መስመሩ መጋጠሚያዎችም በሳሙና ውኃ ይፈተሻሉ፤ አረፋ ከታየ ጋዝ ያፈተልካል ማለት ነው።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ምድጃው ባለበት ክፍልና በመኝታ ቤት አቅራቢያ ይገጠማል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ በአንድ ቤት ያሉ ሰዎችን በአንድ ጊዜ ከያዘ ጉንፋን ነው ብሎ መተኛት አይገባም። ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ውጭ መውጣትና የሕክምና ዕርዳታ ማግኘት አለባቸው።