ለባል ዕድሜ፣ በሚስት ሆድ

የህንድ ፊልም ሳያይ ያደገ የከተማ ልጅ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ከነዚያ ፊልሞች ውስጥ አንዷን ትዕይንት አብዛኞቻችን እናስታውሳታለን። ያጌጠች ሚስት ጣሪያ ላይ ወጥታ ጨረቃን በወንፊት ታያለች፤ ቀጥላ በዚያው ወንፊት ባሏን ታያለች፤ ከዚያ ባል ውኃ ያጠጣታል። ለኛ የፍቅር ጨዋታ ይመስለን ነበር። ነገርየው ግን ጾም ነው፤ ያውም ጠንካራ ጾም።

ስሙ ካርዋ ቻውት ይባላል። «ካርዋ» የሸክላ ማሰሮ፣ «ቻውት» ደግሞ አራተኛ ማለት ነው። ጥቅምት አካባቢ፣ ጨረቃ ከሞላች በኋላ በአራተኛው ቀን ይውላል። በፑንጃብ፣ በሀርያና፣ በራጃስታን፣ በኡታር ፕራዴሽና በዴልሂ ብዙ ባለትዳር የሂንዱ ሴቶች ለባላቸው ረጅም ዕድሜ ሲሉ ጨረቃ እስክትወጣ እህልም ውኃም አይቀምሱም። ጎህ ሳይቀድ የሚበሉት ምግብ «ሳርጊ» ይባላል፤ በልማዱ የምታቀርበው አማት ናት።

ከጾሙ ጋር የሚተረክ ታሪክም አለ። ንግሥት ቪራቫቲ ሰባት ወንድሞች ነበሯት። እህታቸው በረሃብ ስትዝል አላስችል ቢላቸው ከዛፍ ጀርባ ብርሃን አሳይተው «ጨረቃ ወጣች» አሏት። እሷም አምና በላች። ወዲያው የባሏ መርዶ መጣ። በኋላ በጸሎትና በጾም አስመለሰችው ይባላል። ልብ በሉ፤ ያታለሉት ወንዶቹ፣ የተቀጣችው እሷ!

ይህን ያህል ፍርሃት ከየት መጣ? መልሱን ባሏ የሞተባት ሴት ኑሮ ውስጥ የምናገኘው ይመስለናል። ለዚህ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ቤንጋል እንሻገር። ካርዋ ቻውት የዚያ አገር ልማድ አይደለም፤ የመበለቶች ጉዳይ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው ያከራከረው እዚያ ነው። ያኔ የከፍተኛ ካስት መበለት ነጭ ትለብስ ነበር፣ ጌጥ አታደርግም ነበር፣ ሥጋና ዓሣም ክልክል ነበር። በወር ሁለት ጊዜ በሚውለው «ኤካዳሺ»፣ ማለትም በጨረቃ 11ኛ ቀን፣ ውኃ እንኳ አትቀምስም ነበር። በልጅነታቸው ተድረው በልጅነታቸው መበለት የሆኑትም ከዚህ ሕግ አያመልጡም ነበር።

ሁለቱን ልማዶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። አንዷ ባሏ እንዳይሞት ትጾማለች፤ ሌላዋ ስለሞተ ትጾማለች። ሂሳቡ የሚወራረደው ሁልጊዜ ከሴቷ ሆድ ነው።

ይህን የታገሉ ህንዳውያን ነበሩ። ሚስት ከባሏ ሬሳ ጋር የምትቃጠልበትን «ሳቲ» ራም ሞሃን ሮይ አጥብቆ ተቃወመ፤ የእንግሊዝ አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ1829 በቤንጋል ከለከለው። የሳንስክሪት ሊቁ ኢሽዋር ቻንድራ ቪዲያሳጋር ደግሞ ከራሱ ከሃይማኖቱ መጻሕፍት እየጠቀሰ ተሟገተ፤ በ1856 መበለት ዳግም እንድታገባ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ሊቁ በወሬ ብቻ አልቀረም፤ በ1870 የገዛ ልጁ መበለት አገባ።

ፊልሙም የራሱን ድርሻ ተጫውቷል። በ1995 በወጣው «ዲልዋሌ ዱልሃኒያ ሌ ጃዬንጌ» ካጆል ስትጾም ሻህሩክ ካንም ሳይበላ ይውላል። ዛሬ ከሚስቶቻቸው ጋር የሚጾሙ ባሎች አሉ። በ2025 ደግሞ መበለቶችና የተፋቱ ሳይቀሩ ሴቶች ሁሉ ቀኑን እንዲያከብሩ ይገደዱ የሚል አቤቱታ ለፑንጃብና ሀርያና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀርቦ ውድቅ ሆኗል።

ወደውት የሚጾሙ፣ ሂና ተቀብተው ከጓደኞቻቸው ጋር ቀኑን በደስታ የሚያሳልፉ ሴቶች ብዙ ናቸው። እነሱን ልንወቅስ አልተነሣንም። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ መበለት መሆን ባያስፈራ ኖሮ ይህ ጾም ይህን ያህል ይጠብቅ ነበር?