መሰንቆው የማን ነው?

ነገሩ የተነሳው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ነው።

ቅዳሜ ማታ፣ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት መጠጥ ቤቶች በአንዱ ተሰይመናል (ስሙን አንጠራም፤ ለማስታወቂያ የከፈለን የለም)። ጥግ ላይ አንድ ልጅ እግር ኪቦርዱን ዘርግቶ ለብቻው ባንድ ሆኗል። ከበሮው፣ ቤዙ፣ ክራሩ ሳይቀር ከዚያችው ሳጥን ይወጣል። ከጎኑ አርባዎቹን ያገባደዱ የሚመስሉ አዝማሪ መሰንቋቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ታዳሚው ያዛል፣ እነሱ ይጫወታሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጥላሁን ወደ ቴዲ አፍሮ፣ ከቴዲ ወደ ሬጌ፣ ከሬጌ ወደ እስክስታ ተጓዝን። ፈረንጆቹ ይህን ሥራ የሚሠራውን «ከቨር ባንድ» ይሉታል፤ የራሱን ሳይሆን የሰው ዘፈን ተጫውቶ የሚያድር ማለት ነው።

ልክ ቤቱ ሲሞቅ ስፒከሩ «ጢ...ጥ» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ጆሯችንን ያዝን። አዝማሪው ግን ምንም ሳይደናገጡ ጎንበስ ብለው ከመሰንቆው ሆድ የምትወጣውን ሽቦ በአውራ ጣታቸው ጫን አሏትና «ይቅርታ ጌቶቼ፣ ዶሮዋ ሳይነጋ ጮኸች» ብለው ቀጠሉ። ጭብጨባው ለዘፈኑ ከተሰጠው ይበልጥ ነበር።

እረፍት ሲወጡ ተጠጋናቸው። «ጋሼ፣ መሰንቆው ውስጥ ምንድን ነው ያስገቡበት?» አልናቸው። ገልብጠው አሳዩን። ከቆዳው ስር የሳንቲም ያህል ጠፍጣፋ ነገር ተለጥፏል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የጊታር ገመድ የሚሰካበት ቀዳዳ ተበስቷል። ሁሉንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው። «መጀመሪያ ከተሰበረ ጊታር ያወጣሁትን ገጠምኩበት ልጆቼ፤ ጭጭ! አንድ ድምፅ የለም። አበላሸሁት ብዬ ስንት ቀን ተበሳጨሁ።»

አላበላሹትም። የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ መልቀሚያ ማግኔት ነው፤ የሚሰማው የብረት ክር ሲርገበገብ ብቻ ነው። የመሰንቆ ክር ደግሞ የፈረስ ጭራ ነው፤ ማግኔት ለፈረስ ጭራ ግድ የለውም። ለዚህ ነው ኤሌክትሪክ የገባለት ክራር የአንጀት ክሩን በብረት የቀየረው። ለመሰንቆ ግን ከቆዳው ጋር ተጣብቆ ንዝረቱን ራሱን የሚለቅም ሌላ ዓይነት ያስፈልጋል። አዝማሪያችን ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን መሰንቆውን ሦስት ጊዜ ፈትተው ሦስት ጊዜ በመግጠም ነው።

እንግዲህ እኛ የታሪክ ነገር ካየን አንለቅም፤ ይህ የመሣሪያ መቀጠል፣ መበሳት፣ መለወጥ ከመቼ ጀምሮ ነው ብለን ቆፈርን። ጎንደር ላይ ቢያንስ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ የሚሄድ ምስክር አለ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ የከረመ ሰው ነው። አገሩ ሲመለስ ስለ ሙዚቃችን ለቻርልስ በርኒ ደብዳቤ ጻፈለት፤ በርኒም እ.ኤ.አ. በ1776 መታተም በጀመረው የሙዚቃ ታሪኩ ውስጥ አወጣው። ብሩስ ስድስት መሣሪያዎችን ይቆጥራል፦ ዋሽንት፣ መለከት፣ ነጋሪት፣ ከበሮ፣ ጸናጽልና ክራርን የመሰለው ባለ ክር መሣሪያ። መሰንቆ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቤተ መንግሥት ውሎ ቤተ መንግሥት ያደረ ሰው የአዝማሪን መሣሪያ ከቁም ነገር ባይቆጥር አይደንቀንም።

ደብዳቤው ውስጥ ያለችው አንዲት ነገር ግን ደስ ትላለች። የዚያ ባለ ክር መሣሪያ ሁለት ክንዶች ቀድሞ የሚሠሩት ከአጋዘን ቀንድ ነበር ይለናል። ጠመንጃ ሲለመድ አጋዘን ጠፋ። አጋዘን ሲጠፋ ባላገሩ ምን አደረገ? ከቀይ እንጨት ጠርቦ ሠራው። ግን እንጨቱን ቀጥ አድርጎ አልተወውም፤ እንደ ቀንዱ እየጠመዘዘ ቀረጸው! ዛሬ ኪቦርዱ ላይ «ክራር» የሚል ቁልፍ ተጭኖ ያልነበረ ክራር ሲሰማን የምናላግጥ ሰዎች ይህን ብናስታውስ አይከፋም። ያልነበረ ቀንድ ከእንጨት የሠራ አገር ነው።

ወደ አዝማሪው እንመለስ። ከጎንደር ወጣ ብላ ያለችው ቡርቧክስ የአዝማሪዎች መንደር ናት። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ልጆቹ ደንበኛው የማይሰማውን የእርስ በርስ ቋንቋቸውን ሳይቀር ከቤት ይዘው ይወጣሉ። ጃፓናዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቱሺ ካዋሴ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ጎንደር እየተመላለሰ አዝማሪዎችንና ላሊበሎችን የቀረጸው እዚሁ ነው፤ አዝማሪ ልጆች በከተማው መንገድ እንዴት ለእንጀራቸው እንደሚዘፍኑ የሚያሳይ ፊልምም ሠርቷል። ኦሳካ ያለ ሰው የሚያውቃቸውን ልጆች እኛ ሳንቲም ወርውረን እናልፋቸዋለን። ባህሩ ቀኜን አዲስ አበባ ላይ መሰንቆ ይዞ ሲነግሥ ያጨበጨብንለትም እኛው ነን፤ ልጃችን አዝማሪ ሊያገባ ነው ሲባል የምናኮርፈውም እኛው።

የአዝማሪ ሥራ ከከቨር ባንድም የባሰ ነው። ከቨር ባንድ ቢያንስ የሚጫወተው የታወቀ ዘፈን ነው። አዝማሪ ግን «ተቀበል!» ይባላል። ሞቅ ያለው ደንበኛ ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ቃሉ የሌላ ሰው ነው፤ ድምፁ የእሱ። ሰዳቢው መቀመጫው ላይ ቢራውን ይጠጣል፣ ስድቡን ቆሞ የሚያሰማው አዝማሪው ነው። ይህ ቀልድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጣሊያኖች ጠንቋዮችን፣ ባሕታውያንንና አዝማሪዎችን እያሳደዱ መግደል ጀመሩ፤ የፋሽስት መንግሥት ያበቃለታል የሚል ወሬ በየገበያው ይዘራሉ ተብለው ነው። ግራዚያኒ ራሱ በመጋቢት 10 ቀን ሮም ለነበረው ሚኒስትር በላከው ቴሌግራም እስከዚያ ቀን 70 ሰዎች መወገዳቸውን ሪፖርት አድርጓል። ከሰባዎቹ ስንቱ የራሱን ቃል፣ ስንቱ የተቀበለውን ቃል እንደዘፈነ የጠየቀ ዳኛ አልነበረም።

መሣሪያውስ? አዝማሪ መሰንቆውን ራሱ ይሠራል ወይ ያሠራል፣ ራሱ ይቀይረዋል፣ ራሱ ተሸክሞት ይሄዳል። ጥር ሲገባ የወገራና የዳባት ሠርግ፣ የደባርቅ ዳስ ይጠራዋል፤ መሰንቆውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይወጣል። አንድ ጌታ ቢያስቀይመው ሌላ ጌታ ዘንድ ይሄዳል። ይህን መብት የከተማው ዘመናዊ ሙዚቀኛ ብዙ ዘመን አላገኘውም፤ የአዲስ አበባዎቹን ባንዶች ታሪክ ያነሳነውም ለዚህ ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አዲስ አበባ የምሽት ክበቦች በየሰፈሩ ሲከፈቱ ጊታሩም፣ ኦርጋኑም፣ ድራሙም የቤቱ ባለቤት ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ባዶ እጁን መጥቶ ባዶ እጁን ይሄዳል። ከተጣላ ሥራውን ብቻ ሳይሆን ጊታሩንም ያጣል። ዋልያስ ባንድ የተለየው እዚህ ላይ ነው፤ ልጆቹ የራሳቸውን መሣሪያ ገዙ። መሣሪያው የእነሱ ስለሆነ እንደ ቡድን ተዋዋሉ፤ አዲስ አበባ ሒልተንም ለዓመታት ቤታቸው ሆነ። እራት ለሚበሉ እንግዶች ለስለስ ያለ ሙዚቃ፣ መሸት ሲል የዳንስ ሙዚቃ። የፈረንጁንም የአበሻውንም የተጠየቀ ሁሉ ይጫወቱ ነበር፤ እንደኛው ቅዳሜ ማታ ማለት ነው። ልዩነቱ በመሃል የራሳቸውን ይሠሩ ነበር። የግርማ በየነ «ሙዚቃዊ ስልት» እና እ.ኤ.አ. በ1977 ከሙላቱ አስታጥቄ ጋር የሠሩት «ቼ በለው» ከዚያ የወጡ ናቸው።

ደርግ መጥቶ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የማታ ሙዚቀኛ አለቀለት ተብሎ ነበር። አላለቀለትም፤ በሩ ተቆለፈበት እንጂ። ሰዓት እላፊው ከመድረሱ በፊት የገባ ታዳሚ እስኪነጋ አይወጣም፣ እሱ ካልወጣ ባንዱም አይወጣም። እስከ ንጋት መጫወት ነው። አንድ ባንድ በአንድ ሌሊት ስንት ዘፈን ማወቅ እንደሚኖርበት አስቡት! እኛ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ነው እንቅልፋችን የመጣው።

በዚያው ዘመን ጎንደርን የጠራት ሌላ ዓይነት ባለቤት ነው። ኪነት። የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የወሎው ላሊበላ በየክፍለ ሀገሩ ስም አወጡ። ባላገሩ አዝማሪ ደመወዝተኛ ሆኖ መድረክ ላይ ቆመ፣ ዩኒፎርም ለበሰ፣ ከክራሩ፣ ከዋሽንቱና ከከበሮው ጋር እኩል ተሰለፈ። እውነቱን ለመናገር ዛሬ «የጎንደር ዘፈን» ብለን የምንዘፍናቸው ብዙዎቹ ለዚያ መድረክ ተስተካክለው የደረሱን ናቸው። ግን ቃሉ መጀመሪያ ይታያል፣ ይጸድቃል። «ተቀበል!» የሚለው ሰካራሙ ጌታ ሄዶ «ተቀበል!» የሚል ካድሬ መጣ። ሰካራሙ ቢያንስ ጉርሻ ይሰጥ ነበር።

የዋልያሶች መጨረሻ እንዲህ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ ለሥራ ሄዱ። ከፊሎቹ ተመለሱ፤ ኦርጋኒስቱን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ አራቱ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ እ.ኤ.አ. በ1985 ለብቻው አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋህዶ አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ኪቦርዱን ግን የታክሲው ኮፈን ውስጥ ይዞ ይዞር ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመዳል። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታተመ፣ ሰውየውም በስተርጅና ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። መሣሪያው የሒልተን ቢሆን ኖሮ ኮፈኑ ውስጥ ምን ይኖር ነበር?

ሕጉም ቢሆን የማን ምን እንደሆነ ሊለይ ሞክሯል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲውም ለከዋኙም መብት ሰጥቷል። ግን ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ወጥ ሲሆንና ሲጻፍ፣ ሲቀረጽ ወይም በሌላ ግዙፍ መልክ ሲቀመጥ ነው። አዝማሪው ቅዳሜ ማታ ለአንድ ሙሽራ የፈጠራት ግጥም አየር ላይ ወጥታ አየር ላይ ትቀራለች። እድለኛ ከሆነች ጠረጴዛ ላይ ያለ አንድ ስልክ ይቀዳታል። ያን ጊዜ ተቀርጻለች ማለት ነው፤ ግን ቀረጻው በባለስልኩ ኪስ ነው፣ የአዝማሪው ስምም አብሮ አይሄድም። በአንድ ቅዳሜ «የሕዝብ ዜማ» የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚፈጠር በዓይናችን አየን መሰለን።

አዝማሪያችንን ገቢው እንዴት ነው ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጎንደር ላይ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ ሌሊቱ ሁሉ እንደሄደባቸው ነገሩን። እንደ ድሮው በር ቆልፎ ማደር የለም፤ ታዳሚውም አልመጣም፣ ሠርጉም ቀነሰ፣ ወደ ደባርቅ የሚያስወጣው መንገድም አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። በቀን ሌላ ሥራ ሠሩ። «መሰንቆዬን ግን አልሸጥኩም። ማንስ ይገዛኛል?» አሉ።

የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። መሰንቆ አንድ ክር ነው፤ እንደ ጊታር ጣት የሚያርፍበት የብረት መስመር የለውም። ዘፋኙ የፈለገው ቦታ ላይ ይቃኘዋል። «ድሮ ለጉሮሮዬ ነበር የምቃኘው። ጉንፋን ቢይዘኝ ዝቅ፣ ደህና ስሆን ከፍ። አሁን ለዚያ ነው» አሉና በአገጫቸው ወደ ኪቦርዱ ጠቆሙን። «እሱ ጉንፋን አይዘውም።»

ኪቦርዱን የሚጫወተው ልጅ ሰምቶ ፈገግ አለ። የማን እንደሆነ ጠየቅነው። የቤቱ ነው። እሱ እቤቱ የሚለማመደው በስልኩ ላይ በጫነው ኪቦርድ ነው፤ በሁለት ጣት። የጥር ሠርግ ቢጠራውስ? «በምን ልሄድ?» አለን።

ሌሊቱ ሲያልቅ አዝማሪው ገመዳቸውን ነቀሉ፣ የደጋኑን ጭራ አላሉ፣ መሰንቋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ብብታቸው ስር አደረጉና «ደህና እደሩ ልጆቼ» ብለውን በአራዳ በኩል ወረዱ። ልጁ ኪቦርዱን በቤቱ የጠረጴዛ ጨርቅ ሸፈነና ቁልፉን ለባንኮኒዋ ሰጣት።