ሙዳዕና ጉጠት፦ የጅጅጋ ጣሪያ ታሪክ



ሰሞኑን ዝናቡ ሲበረታ ጣሪያዬ አፈሰሰና አንድ ወጣት አናጢ ጠራሁ። መሰላል፣ መዶሻ፣ ጉጠትና አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ይዞ መጣ። ከታች ሆኜ ሳየው ጊዜውን የበላው አዲሱን መምታት አልነበረም፤ የድሮውን ሚስማር መንቀል ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ሳስተምራችሁ ስለ ጣሪያ አንድ ቀን እንኳ አላወራሁላችሁም። ዛሬ ላውራ። ትንሽ ይረዝማል፣ ሻሂያችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

የጣሪያ ጥገና ችግሩ የትም አገር አንድ ነው፦ የተጎዳውን ከደህናው መሃል እንዴት ታወጣዋለህ? ውሃ እንዲወርድ የላይኛው ክዳን የታችኛውን ጫፍ ይሸፍናል። ስለዚህ አንዱን ለማንሳት ስትሞክር ጎረቤቱን ትነካለህ። እንግሊዞች ቤታቸውን በስስ ጥቁር ድንጋይ ሲከድኑ ለዚሁ ሥራ ብቻ አንድ መሣሪያ አበጁ፤ ረዘም ያለ ስስ ብረት ነው፣ ጫፉ መንጠቆ አለው። በተሰበረው ድንጋይ ስር ያስገቡትና ሚስማሩን በመንጠቆው ይይዛሉ፤ ከዚያ እጀታውን በመዶሻ ወደ ታች ሲመቱት ሚስማሩ ይቆረጣል። ደህናው ድንጋይ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የጅጅጋ ሜዳ የመጀመሪያው ጣሪያ ቆርቆሮ አልነበረም። ከተማው ከመቆርቆሩ በፊት ቦታው በዘይላና በሐረር መካከል የሚመላለሱ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ነበር። እንግሊዛዊው ስዌይን በ1885 ዓ.ም. ሲያልፍ ያየው በአጥር የተከበበ ትንሽ ምሽግ፣ ጥቂት ወታደርና የውሃ ጉድጓዶች ነው። በዙሪያው ያለው የአርብቶ አደሩ ቤት ደግሞ አቃል ነው፦ የጎበጡ እንጨቶች፣ በላያቸው ላይ የተደራረበ ሰሌን። ሰሌኑን የምትሠራው ሴቷ ናት። መሣሪያዋ ሙዳዕ ይባላል፤ እኛ ወስፌ የምንለው ዓይነት መውጊያ። አንዱ ሰሌን ሲቀደድ እሱን ብቻ ፈትታ፣ ወግታ፣ ሰፍታ ትመልሰዋለች። ሚስማር የለም፣ ሁሉም በገመድ ነው። ጉዞ ሲመጣ ቤቱ ተፈትቶ በግመል ይጫናል።

በስተምዕራብ ሐረር ሌላ ጣሪያ ነበራት፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ በላዩ አግዳሚ እንጨት፣ ከዚያ የተደለደለ አፈር። ጠፍጣፋ ነው። የሱ ጥገና ደግሞ አፈር መጨመርና መደልደል ነው።

ቆርቆሮ ከሩቅ ነው የመጣው። ሄንሪ ፓልመር የሚባል የለንደን ወደብ መሐንዲስ በፈረንጅ 1829 ቆርቆሮን አጥፎ እንዲሸነሽኑት የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ስስ ብረት ሽንሽን ሲደረግ ራሱን ይሸከማል፣ ብዙ ማገር አይፈልግም። ስምንት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው ሶሬል ብረትን ዚንክ አልብሶ ከዝገት መከላከልን አስመዘገበ። ሁለቱ ሲገናኙ ዓለም ተከደነ። አንዱ ባንዱ ላይ ተነባብሮ ስለሚጫን ለመርከብም ለባቡርም ይመቻል። የጅቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ነው። የጅጅጋ ነጋዴ ደግሞ በበርበራ በኩል ሌላ የባሕር በር ነበረው። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1909 ዓ.ም. አካባቢ ከተማውን በቀጥታ መንገዶች ሲቀይሱት አራት ማዕዘን ቦታ መጣ። አራት ማዕዘን ቦታ ደግሞ አራት ማዕዘን ቤት ይፈልጋል፣ ክቡን አቃል ሳይሆን። ሶማሊው ቆርቆሮውን ጂንጋድ አለው።

አሁን ወደ ጉጠቱ ልመለስ። ቆርቆሮ የሚዝገው መጀመሪያ ሚስማሩ የበሳው ቦታ ላይ ነው፤ ዚንኩ እዚያ ተላጧል። ለዚህ ነው ጎበዝ አናጢ ሚስማርን በሽንሽኑ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ የማይመታው። ለዚህም ነው ከሚስማሩ ራስ ስር የካላማዳሪያ ቁራጭ ወይም ቆርኪ የሚገባው። ሲነቅል ደግሞ ከመዶሻው ስር ጣውላ ያደርጋል፣ ሽንሽኑ እንዳይጨፈለቅ። የጎረቤት ቆርቆሮዎችን ጠርዝ ትንሽ ያላላና አዲሱን ከላይኛው ስር፣ ከታችኛው በላይ ያንሸራትተዋል። የተነቀለው ሚስማር አይጣልም፤ ድንጋይ ላይ ተቃንቶ እንደገና ይመታል። የእንግሊዙን መሣሪያ ሥራ የኛ ሰው በጉጠት፣ በጣውላና በትዕግሥት ይሠራዋል።

ጅጅጋ ይህን ትዕግሥት ስንት ጊዜ እንደፈለገችው አስቡት። በ1928 ጣሊያን ገባ፣ በ1933 እንግሊዝ አስወጣው። በመስከረም 1970 የሶማሊያ ጦር ከተማውን ያዘ፣ የካቲት 26 ቀን ያው ዓመት በኢትዮጵያና በኩባ ጦር ተመለሰ። በስድስት ወር ሁለት ጊዜ! የካራማራን ድል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከጦርነት በኋላ ግን ሰው የሚመለሰው ወደ ቤቱ ነው፤ የተበሳውን በካትራሜ ይደፍናል፣ የማይደፈነውን ይነቅላል። ይህን ማንም በመጽሐፍ አይጽፈውም።

ግን አንድ ነገር ሳላነሳ ብዘጋው ቅር ይለኛል። አቃሉ የሴቷ ነበር። ስታገባ እናቷና ዘመዶቿ ያዘጋጁላታል፣ ራሷ ትሠራዋለች፣ ራሷ ትጠግነዋለች፤ በባህሉም ንብረቷ ነው። ቆርቆሮ ግን በገንዘብ ይገዛል። ወንድ አናጢ ይመታዋል። የቦታው ወረቀትም ብዙ ጊዜ በባል ስም ይወጣል። ሙዳዕ ወርዶ ጉጠት ሲወጣ ጣሪያው ጠነከረ፣ ዝናቡና ንፋሱ ቀለለ፣ ይህን የሚክድ የለም። የቤቱ ባለቤትነት ግን ሳይታወቅ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ተሻገረ።

ጥሩ ጠጋኝ የተጎዳውን ሲያወጣ ደህናውን አይነካም ብያለሁ። እኛ ቤታችንን ስንለውጥ ደህናውንም አብረን ነቅለናል። አዲሱን ቆርቆሮ ስትመቱ ወረቀቱ ላይ የሚስታችሁም ስም ይግባ። ይህ ለአቃሉ ሴቶች ያለብን ዕዳ ነው።

ዛሬም ከከተማው ወጣ ብትሉ አቃል ታያላችሁ፤ እንጨቱ እንደ ድሮው ጎብጧል፣ ከላይ ግን በሰሌኑ ፈንታ ሸራና ላስቲክ ተጥሎበታል። ሰሌን የሚሠሩት እያረጁ ነው። እናታችሁ ወይ አያታችሁ ሙዳዕ ይዘው የሚያውቁ ከሆነ ዛሬ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ምን እንደሚሉ ከታች ጻፉልኝ። እኔም ከእናንተ ልማር።

ጣሪያዬ? እስካሁን አላፈሰሰም፣ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።