«አዮዳይዝድ» የየት አገር ጨው ነው?
ደብረ ማርቆስ ገበያ ባለሱቁ «አዮዳይዝድ ነው» ቢላቸው፣ አንዲት እናት ወደ እኔ ዞረው «ይኼ ደግሞ የየት አገር ጨው ነው ልጄ?» አሉኝ። ቃሉ ሥሩ ግሪክ ነው፤ አዮዲን ሲሞቅ በሚያወጣው ሐምራዊ እንፋሎት የተሰየመ። ጨውስ ያው ጨው ነው፣ ሶዲየምና ክሎሪን፤ ጣል የተደረገበት ጥቂት ፖታሲየም አዮዴት እንቅርትን ለመከላከል ነው። ደጋው ጎጃም እንቅርትን የሚያውቀው «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ከሚለው ተረት ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ጭራሽ ጨውን ሁሉ «አዮዲን» ይለዋል፤ አያቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌ ምን አዮዲን ነበረውና? «አዮዳይዝድ»ን «የበለጸገ ጨው» ብሎ መተርጎምም የስብሰባ ቋንቋ ይሆንብኛል። እኔ ለእናትየዋ «አዮዲን የገባበት ጨው» አልኳቸው። «ከገባበትማ እንዳይወጣ» ብለው ክዳኑ ግጥም የሚል ዕቃ ጠየቁ፤ ልክ ናቸው፣ እርጥበትና ሙቀት ያባክነዋል።