ራስ ምታትና ጡንቻ፦ የአንድ ስም ታሪክ

«ዛሬ ራሴን ወጥሮ ይዞኛል» ያላለ ከእኛ መሀል የለም። እናቶቻችን ሻሽ አጥብቀው ያስሩበታል፤ እኛ ክኒን እንውጣለን፤ ጓደኛ ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ ዘና በል» ይለናል። ለመሆኑ ይህች «ዘና በል» የሐኪም ቤት ምክር የሆነችው እንዴት ነው? እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኒው ዮርክ ውስጥ ሐሮልድ ዎልፍ የሚባል የነርቭ ሐኪም ነበር። በ1948 ስለ ራስ ምታት ባሳተመው መጽሐፍ ይታወቃል። ጭንቀት የአንገትንና የራስን ጡንቻ ያኮማትራል፣ ሲቆይም ያሳምማል የሚለውን ሐሳብ ካስፋፉት አንዱ እሱ ነው። በ1962 በአሜሪካ የተቋቋመ የባለሙያዎች ኮሚቴ ራስ ምታትን በየዓይነቱ ሲመድብ ይህኛውን «የጡንቻ መኮማተር ራስ ምታት» አለው። ልብ በሉ፤ ስሙ ራሱ ፍርድ ነበር። ሕመሙን የጠራ ሁሉ ምክንያቱንም አብሮ ይጠራል።

ነገሩ የተበላሸው መለካት ሲጀመር ነው። የጡንቻን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበው መሣሪያ በብዙ ሕመምተኞች ላይ ከጤነኛው የተለየ መኮማተር አላገኘም። ቢገኝም የመኮማተሩ መጠንና የሕመሙ መጠን አልገጣጠም አለ። በ1964 ደግሞ ላንስና ከራን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድብርት መድኃኒት ለማይለቀው ራስ ምታት እንደሚረዳ አሳዩ። በ1988 ዓለም አቀፉ የራስ ምታት ማኅበር ስሙን ቀይሮ «የውጥረት ዓይነት ራስ ምታት» አለው። «ዓይነት» የምትለዋ ቃል የጥንቃቄ ቃል ናት።

ታዲያ ጡንቻው ነፃ ወጣ? አልወጣም። በብዙዎቹ ሕመምተኞች የራስና የአንገት ጡንቻ በጣት ሲጫኑት ያማል። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ከጡንቻው ደጋግሞ የሚላከው የሕመም መልእክት ውሎ አድሮ ህብለ ሰረሰርንና አንጎልን ያስቆጣቸዋል። ያኔ ትንሹም ነገር ሕመም ሆኖ ይሰማል። ሕመሙ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከ3 ወር በላይ ሲዘልቅ «ሥር የሰደደ» ይባላል። እዚህ ሲደርስ ጡንቻን ማላላት ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ይህን ያነሳነው ስለ ስም ለመጨቃጨቅ አይደለም። ዘና ማለት፣ አንገትን ማፍታታት፣ በቂ እንቅልፍ ማግኘት ይረዳል። ግን ዘና ብሎ ያልተሻለው ሰው «ጥፋቱ የእኔ ነው» እያለ ዝም ብሎ ክኒኑን ያበዛል። ተራው ማስታገሻም ቢሆን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ሲወሰድ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። እዚህ የደረሰ ጓደኛ ያላችሁ «ዘና በል» ከማለት ሐኪም ቤት ብትሸኙት ይሻላል።