የጅግራ ጫጩቶችን በታቃፊ ዶሮ ማሳደግ

የጅግራ ጫጩቶችን በታቃፊ ዶሮ ማሳደግ የጅግራ እንቁላል ለቤት ዶሮ አስታቅፎ ማስፈልፈልና ጫጩቶቹን በዶሮዋ እናትነት ማሳደግ ነው። የመፈልፈያ ማሽንና አስተማማኝ ኤሌክትሪክ በሌለበት ገጠር የሚያገለግል ሲሆን፣ ጅግራ በስፋት በሚረባባቸው እንደ ሰሜን ጋናና ቡርኪና ፋሶ ባሉ አካባቢዎች የተለመደ ነው። በኢትዮጵያ ጅግራ ይበልጥ የምትታወቀው በዱር ወፍነቷ ነው። ይህ ጽሑፍ ዘዴውን ከገለጸ በኋላ በጋሞ ዞን በአርባ ምንጭ አጠገብ ከምትገኘው ጫኖ ሁኔታ ጋር ያያይዘዋል።

ስለ ወፏ

በኢትዮጵያ በብዛት የምትታየው ጅግራ ሳይንሳዊ ስሟ ኑሚዳ ሜሌአግሪስ ነው። ስሙን የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ነው። ግራጫ ላባዋ በነጭ ነጠብጣብ የተሞላ ሲሆን ራሷ ላይ ቀንድ መሰል አጥንት አላት። በደቡብና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ደረቷ ሰማያዊ የሆነ ሌላ የጅግራ ዝርያም ይገኛል። በዓለም ዙሪያ በቤት የሚረቡት ጅግራዎች የመጡት ከምዕራብ አፍሪካው የኑሚዳ ሜሌአግሪስ ንዑስ ዝርያ ነው።

ጅግራ መሬት ጭራ ትመገባለች፤ ጥራጥሬ፣ የሣር ፍሬ፣ ነፍሳትና መዥገር ትበላለች። እንቁላሏን የምትጥለው በሣር ውስጥ በተጫረ ጉድጓድ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ ብዙ ሴቶች በአንድ ጎጆ ይጥላሉ።

ዶሮ የምትመረጥበት ምክንያት

በዱር ወንዱም ሴቷም ጫጩቶቹን ይጠብቃሉ። በቤት የምትረባ ጅግራ ግን ብዙ ጊዜ ጎጆዋን ሰው በማያገኘው ቦታ ትደብቃለች፣ ስትደነግጥም ትታው ትሄዳለች። ጫጩቶቿንም ጠዋት ጤዛ ባልደረቀበት ሣር ውስጥ ይዛቸው ትዞራለች። የረጠበ ጫጩት ሰውነቱን ማሞቅ ስለማይችል ቶሎ ይሞታል።

የሀበሻ ዶሮ በመታቀፍና ጫጩት በመጠበቅ ጥሩ ናት። በየጊዜው ክንፏ ሥር ሰብስባ ታሞቃቸዋለች፣ ማታም ወደ ቤት ትመልሳቸዋለች። ለእንቁላል ምርት ብቻ የተዳቀሉ የውጭ ዝርያዎች ግን የመታቀፍ ጠባያቸው በምርጫ ስለተቀነሰ ለዚህ ሥራ አይሆኑም።

የቀናት ልዩነት

የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን፣ የጅግራ እንቁላል ደግሞ ከ26 እስከ 28 ቀን ይፈለፈላል። ለሥራው መበላሸት ዋናው ምክንያት ይህ ልዩነት ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን አብረው ከታቀፉ፣ ዶሮዋ በ21ኛው ቀን ከተፈለፈሉት ጫጩቶቿ ጋር ትነሣለች። ሊፈለፈሉ አንድ ሳምንት የቀራቸው የጅግራ እንቁላሎችም ቀዝቅዘው ይሞታሉ። ስለዚህ የጅግራ እንቁላል ብቻ ማስታቀፍ ይመረጣል። መቀላቀል ካስፈለገ የዶሮው እንቁላል የሚጨመረው ከ6 ወይም 7 ቀን በኋላ ነው።

አስታቃቀፍ

ከዚህ በፊት ጫጩት አውጥታ ያሳደገች፣ ሰውነቷ ተለቅ ያለ ዶሮ ትመረጣለች። ከመታቀፏ በፊት ቅማልና ቁንጫ እንዳይኖርባት ይታያል። ጭድ የተነጠፈበት ሰፊ ቅርጫት ወይም ሳጥን ጨለም ባለና ሰው በማይበዛበት ጥግ ይቀመጥላታል። ከ12 እስከ 15 የጅግራ እንቁላል ትችላለች፤ የሚበጀው ግን ሁሉንም በሰውነቷ መሸፈን የምትችለውን ያህል መስጠት ነው።

ዶሮዋ ከተለመደው አንድ ሳምንት ያህል ስለምትጨምር ምግብና ውኃ በየቀኑ በቅርብ ያስፈልጋታል። ለመብላት ለጥቂት ደቂቃ መነሣቷ እንቁላሉን አይጎዳውም። እንቁላሉ ሕይወት እንዳለው በጨለማ የባትሪ መብራት በማብራት ይታያል። የጅግራ ቅርፊት ወፍራምና ቡናማ ስለሆነ ግን ከዶሮው ይልቅ ውስጡን ማየት ያስቸግራል።

በሌላ መንገድ የተፈለፈሉ ጫጩቶችም ለታቃፊ ዶሮ ሊሰጡ ይችላሉ። ይህ የሚደረገው ማታ በጨለማ፣ ቀስ ብሎ ከሥሯ በማስገባት ነው። ጠዋት ዶሮዋ እንዳትነክሳቸው መከታተል ያስፈልጋል።

የጫጩቶች አያያዝ

የጅግራ ጫጩት ቡናማ ሆኖ ጥቁር መስመር አለው። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደረቅና ሙቅ ቦታ ይፈልጋል። ጥልቀት በሌለው የውኃ ዕቃ ውስጥ እንኳ ስለሚሰጥም በዕቃው ውስጥ ጠጠር ይደረጋል። ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ፕሮቲን ስለሚያስፈልገው፣ መኖው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከ24 እስከ 26 በመቶ ፕሮቲን እንዲኖረው ይመከራል። በገጠር ምስጥና ተቀቅሎ የተፈረፈረ እንቁላል ከተፈጨ እህል ጋር ይህን ለመሙላት ይረዳሉ።

የፈንግል በሽታ ዶሮንም ጅግራንም ይይዛል። ዶሮዋ ከመታቀፏ አስቀድማ መከተብ አለባት። ከገበያ አዲስ የመጣ ዶሮም ከጫጩቶቹ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሌላው ጉዳት ከጭልፊትና ከሽለምጥማጥ የሚመጣ ነው።

በዶሮ ያደጉ ጅግራዎች የዶሮዋን ጥሪ ስለሚለምዱ ማታ ወደ ቤት መመለስ ይቀላቸዋል። ክንፋቸው ቶሎ ስለሚያድግ ግን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መብረር ይጀምራሉ፤ ሲያድጉም ዛፍ ላይ ማደር ይወዳሉ።

በጫኖ

ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋና ጫኖ ጫልባ በአባያ ሐይቅ ምዕራብ በኩል፣ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን የሚገኙ ቀበሌዎች ናቸው። በሀሬ ወንዝ መስኖ ሙዝና ማንጎ ይመረትባቸዋል። የቆላው ሙቀት ለጫጩት ይስማማል፣ የመስኖው እርጥበት ግን አይስማማም። ውኃ የተለቀቀበት የሙዝ ማሳ ለጫጩት ከሐይቁ ዳር ጤዛ አይሻልም። አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው በሚያዝያና በግንቦት፣ ቀጥሎም በመስከረምና በጥቅምት ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት የተፈለፈሉ ጫጩቶች ከፍ ባለና ጣሪያ ባለው ቦታ መቆየት ይኖርባቸዋል።

የእንቁላሉ ምንጭም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከአርባ ምንጭ በስተምሥራቅ ያለው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ የዱር ጅግራ መኖሪያ ነው። የዱር እንስሳትን መያዝና መጠቀም በሕግ የሚገዛና ፈቃድ የሚጠይቅ ነው። ከአንድ ጎጆ እንቁላሉን ሁሉ መውሰድ የብዙ ጅግራዎችን የአንድ ወቅት ዘር ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ለማርባት የሚመረጠው በቤት ከሚረቡ ጅግራዎች የተገኘ እንቁላል ነው።